የተለየ ቢላዋ

ከሞጆ ተገንጥሎ ወደ ደቡብ የሚወርደው መንገድ ዛሬ ባቱ የተባለችውን ዝዋይን ያልፍና አርሲ ነገሌን ተሻግሮ ሻሸመኔ ሊገባ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ሲቀሩት ኩየራን ያገኛል። መንገደኛው ከአውቶቡሱ መስኮት የሚያየው በመንገዱ ዳር የተደረደረውን ድንችና ጥቅል ጎመን ነው፤ ከተማዪቱንም የሚያስታውሳት በድንቿ ነው።

ይሁን እንጂ ኩየራ ብዙ ጊዜ የማይነገርላት ሌላም ነገር አላት። በዚህች አነስተኛ ከተማና በአካባቢዋ ቢያንስ አራት የምግብ ሕጎች ጎን ለጎን ይኖራሉ። ሙስሊሙ የአላህ ስም ያልተጠራበትን ሥጋ አይቀምስም። ኦርቶዶክሱ ረቡዕንና ዓርብን፣ ዐቢይ ጾምንና ፍልሰታን ከሥጋ፣ ከወተትና ከቅቤ ተከልክሎ ያሳልፋል። እ.ኤ.አ. በ1947 በኩየራ ትምህርት ቤት ያቋቋሙት አድቬንቲስቶች የአሳማ ሥጋ አይነኩም፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ሥጋን ጨርሶ ትተው በጥራጥሬና በአትክልት ይኖራሉ። ወደ ሻሸመኔ ወረድ ሲባል ደግሞ ከጃማይካና ከሌሎች የካሪቢያን አገሮች መጥተው የሠፈሩት ራስታፈራውያን አሉ፤ የእነርሱም ማእድ በአብዛኛው አትክልት ነው፤ አጥባቂዎቹ ጨው እንኳ አይጨምሩበትም።

ሠርግ ሲደገስ ወይም ለቅሶ ሲደረስ እነዚህ ሕጎች በአንድ ዳስ ሥር ይገናኛሉ። ባለሠርጉ ክርስቲያን የሆነ እንደሆነ ለሙስሊም ጎረቤቶቹ የቀረበውን በግ የሚባርክ ሙስሊም ይጠራል። የሚያበስሉትም ሙስሊም ሴቶች ናቸው፤ ድስቱ የተለየ፣ ማማሰያው የተለየ፣ ቢላዋውም የተለየ ነው። ቅቤ የነካ ጭልፋ የጾም ወጥ ውስጥ አይገባም። ይህን ሁሉ የሚያስተዳድረው የተጻፈ መመሪያ ሳይሆን የሴቶች ጥንቃቄና ትውስታ ነው፤ ወጥ ሠሪዎቹ የትኛው ጭልፋ የት እንደዋለ ዞረው ሳያዩ ያውቁታል። ተጋባዡ «ይህ ለእኔ አይሆንም» ቢል የሚቀየም የለም። እንዲያውም ለእርሱ የሚሆነው ሳይዘጋጅ ቢቀር የሚያፍረው ደጋሹ ነው።

ከእነዚህ ከአራቱ ሕጎች በየትኛውም ያልተጻፈ አምስተኛ ሕግ ይዛ የተወለደች አንዲት ሕፃን በዚያው በኩየራ አለች። ዛሬ ሁለተኛ ክፍል ናት። ሕጓን የጻፈው ደሟ ሲሆን ቃሉም አጭር ነው፤ ኦቾሎኒ አትብላ ይላል።

ሕጉ የታወቀው ግን በቀላሉ አልነበረም። ሕፃኒቱ ገና ሁለት ዓመት ተኩል ሳለች በገበያ ቀን አንዲት ሸክላ ሠሪ ከእነሸክሟ ደጃፋቸው ላይ ዐረፍ ብላ ውሃ ለመነች። ውሃው ተሰጣት። ሴትዮዋም ምስጋናዋን ለመግለጥ የነጠላዋን ጫፍ ፈትታ ኦቾሎኒ የተቀላቀለበት ቆሎ አውጥታ ለልጅቷ ዘገነችላት። ሸክላ ሠሪዋ ሸክሟን አንሥታ ከሄደች ጥቂት ደቂቃዎች እንኳ ሳይቆዩ የሕፃኒቱ ከንፈር አበጠ፤ አንገቷና ሆዷ ዱብ ዱብ እያለ ቀላ፤ ሳለች፤ አስመለሳት። አያቷ ያዩትን ለመተርጎም ጊዜ አልፈጀባቸውም። «ዓይን ነው! ያቺ ሴትዮ በልታታለች!» አሉ። ጤና አዳምና ነጭ ሽንኩርት ተወቅጦ በአፍንጫዋ ተያዘ። ከአንድ ሰዓት ገደማ በኋላ እብጠቱ ጎደለ።

ነገሩ የከፋው በዚህ ላይ ነው። ቀለል ያለ የሰውነት ቁጣ ብዙ ጊዜ ሰው ሳይነካው በራሱ ጊዜ ይበርዳል። በረደ፤ ምስጋናው ግን ለጤና አዳሙ ሆነ፤ ጤና አዳሙ ከሠራ ደግሞ በሽታው በእርግጥ ቡዳ ነበር ማለት ነው። እንዲህ ያለው ማስረጃ ራሱን በራሱ እየደገፈ ይቆማልና ለማፍረስ ያስቸግራል። በአገሪቱ ብዙ ክፍሎች ሸክላ ሠሪው፣ ቀጥቃጩ፣ ሸማኔውና ቆዳ ፋቂው በእጃቸው ሥራ ሌላውን ሲያገለግሉ ኖረው ያገኙት ዋጋ ይኸው ስም መሆኑን አንባቢ አይስተውም። ሕዝቡ የሚበላበትን ድስት የምትሠራው ሴት ሕዝቡ ሲበላ እንዳታይ ትደረጋለች። ከዚያን ቀን ወዲህ በዚያ ሠፈር የዚያችን ሸክላ ሠሪ ድስት የሚገዛ ጠፋ። በሯን የሚከፍትላትም አልነበረም።

ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው የልጅቷ አጎት ከሐረር ሲመለስ በኦቾሎኒዋ ከታወቀችው ከባቢሌ አንድ ፌስታል ሙሉ ይዞ መጣ። ሕፃኒቱ አንድ ፍሬ ቆረጠመች። ከንፈሩም፣ ሽፍታውም፣ ሳሉም እንደገና መጣ፤ በዚህኛው ጊዜ ግን ትንፋሿ ሲር ሲር ማለት ጀመረ። አያቷ አሁንም በጎረቤት ዓይን ላይ ሊያመካኙ ሲጀምሩ እናቲቱ ልጇን አቅፋ ወደ በሩ እየሮጠች እንዲህ አለች፦ «እማዬ፣ ሸክላ ሠሪዋ ዛሬ የለችም። ኦቾሎኒው ግን አለ።»

በዚህች በአንዲት ዐረፍተ ነገር ውስጥ አንድ የምርምር ዘዴ በሙሉ አለ ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሐኪሙም የጠየቃት ይህንኑ ነበር። ምን በላች? ከበላች በኋላ ስንት ደቂቃ ቆየ? ከዚህ በፊትስ? ለዚህ በሽታ ዋናው መመርመሪያ በሥርዓት የተነገረ ታሪክ ነው፤ የቆዳና የደም ምርመራው ታሪኩን ይደግፋል እንጂ አይተካውም።

ለዚህ ሁኔታ የዓለም ሕክምና ስም ያወጣለት ብዙ ዘመን አልሆነውም። ፈረንሳዊው ሻርል ሪሼ ከባልደረባው ከፖል ፖርቲዬ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1902 «አናፊላክሲስ» የሚለውን ቃል አቀረበ፤ ከጥበቃ ተቃራኒ ማለት ነው። ሪሼ በዚህ ሥራው በ1913 የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል። «አለርጂ» የሚለውን ቃል ደግሞ የቪየናው የሕፃናት ሐኪም ክሌመንስ ፎን ፒርኬ በ1906 ፈጠረው። ጥበቃ ሆኖ የተሠራው ኃይል ወዳጅ ሆኖ የገባውን እህል እንደ ጠላት ቆጥሮ ይነሣበታል፤ በዚያ ጦርነት የሚጎዳው ቤቱ ራሱ ነው። ቆዳው ያብጣል፣ የአየር ቧንቧው ይጠባል፣ የደም ግፊት ይወርዳል። በአማርኛ ሰዎች ለዚህ «አይስማማኝም» ይላሉ። ቃሉ መልካም ቃል ቢሆንም አቅሙ አነስተኛ ነው። ወተት ሆዱን የሚነፋውም፣ በርበሬ ቃር የሚያስይዘውም፣ አንዲት ፍሬ ልትገድለው የምትችለውም ሦስቱም «አይስማማኝም» ይላሉ፤ ሰሚውም ሁሉንም እንደ መጀመሪያው አድርጎ ይሰማል። የጤና ሠራተኞች አሁን አሁን «የሰውነት ቁጣ» ማለታቸው የተሻለ ነው፤ ቁጣ ከምን ተነሥቶ የት እንደሚደርስ ማንም ያውቃልና።

እናቲቱ ከሐኪም ቤት በተመለሰች በማግሥቱ ገበያ ወርዳ ሸክላ ሠሪዋን ፈለገቻት። ይቅርታ ጠየቀቻት፤ የሆነውንም አስረዳቻት። ሴትዮዋ እስከ መጨረሻው አዳመጠችና «ደግ ነው። ያን ዓመት ሳልሸጥ የቀረሁትንስ ማን ይሰጠኛል?» አለች። መልስ ያለው ጥያቄ አልነበረም። እናቲቱ አንድ አነስተኛ ድስት ገዛች፤ ያ ድስት እስከ ዛሬ ለሕፃኒቱ ብቻ የተለየ ድስት ነው፤ ሌላ ነገር አይበስልበትም።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ተቃውሞ አለ፤ ሳይነሣ ቢታለፍም ፍትሕ አይሆንም። ሽማግሌዎቹ «ይህ የጥጋብ በሽታ ነው» ይላሉ። እህል ያጣ እንጂ እህል የጠላው ሰው በዘመናቸው አላዩም። ኩየራ ውስጥ ይህ አባባል ባዶ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2008 የበልግ ዝናብ ቀርቶ በሻሸመኔ ዙሪያ ልጆች በረኃብ ሲከሱና ሲያብጡ፣ የድንበር የለሽ ሐኪሞች ማኅበር በዚችው በኩየራ ሕፃናትን በሕክምና የሚመግብ ማዕከል ከፍቶ ነበር። የዚያን ጊዜ ፎቶግራፎች ዓለምን ዞረዋል። በዚያ ዘመን እንደዚያ ላሉ ሕፃናት ነፍስ መልሶ የሚሰጠው ምግብ ደግሞ ፈረንሳዊው ሐኪም አንድሬ ብርያንና የምግብ መሐንዲሱ ሚሼል ሌስካን በ1996 ያዘጋጁት፣ ፕላምፒ ነት የተባለው ልፍልፍ ነው፤ ዋና ንጥረ ነገሩም ኦቾሎኒ ነው። ውሃ አይፈልግም፣ እሳት አይፈልግም፣ እናት ቤቷ ሆና ልጇን ትመግበዋለች፤ ኦቾሎኒ በዚህ ዘመን ካዳናቸው ሕፃናት ጋር የሚወዳደር እህል ጥቂት ነው።

እንግዲህ ያው እህል ነው። ሺህዎችን ያስነሣው ለአንዷ መርዝ ሆነ። ይህ ግን የሽማግሌዎቹን ነገር አያጸናም። የሰውነት ቁጣ የጠገበና የተራበ አይለይም፤ በተራበው ላይ ሲሆን ሌላ ስም ይሰጠዋል እንጂ። ዓይን ይባላል፤ ምች ይባላል፤ በድንገት ተቀጨ ይባላል። ነገሩ ሲጠና ቁጥሩ በከተማና በገጠር እንደሚለያይ ግን እውነት ነው። በጅማ ከተማና በዙሪያዋ ገጠር ተደርጎ በ1997 በዓለም አቀፉ የሕክምና መጽሔት በላንሴት የወጣው ጥናት አስም በከተማ ከገጠሩ ይልቅ እንደሚበዛ አሳይቷል። ጥናቱ ስለ አስም እንጂ ስለ ምግብ አይናገርም። ሆኖም አስምና የምግብ ቁጣ የሚነሡት ከተቀራረበ ሥር ነውና እንደ ኩየራ ያሉ በፍጥነት የሚያድጉ ከተሞች «አላየንም» በሚለው መልስ ብዙ ጊዜ መቆየት አይችሉም።

ሌላው አደጋ ከጠላት ሳይሆን ከወዳጅ የሚመጣው ነው። «በጥቂት በጥቂቱ አቅምሷት፤ ትለምደዋለች» የምትል አክስት በየቤቱ አለች። አክስቲቱ ፈጽማ አልተሳሳተችም፤ ጊዜው አልፎባታል እንጂ። በለንደን ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ታላቅ ጥናት ለቁጣው ቅርብ የሆኑ ሕፃናት ከመጀመሪያው ዓመታቸው ጀምረው ለእነርሱ እንዲሆን ተደርጎ የተዘጋጀ ኦቾሎኒ ቢመገቡ ቁጣው ከአምስት እጅ በአራቱ ያህል እንደሚቀንስ አረጋግጧል። ይህ ግን ሳይነሣ የሚከለክል ነው። አንዴ ለተነሣው ቁጣ «ማቅመስ» በሐኪም ዐይን ሥር ካልሆነ በቀር ከእሳት ጋር መጫወት ነው። የወተትና የእንቁላል ቁጣ ያለባቸው ልጆች ብዙዎቹ ሲያድጉ ይተዋቸዋል፤ የኦቾሎኒው የሚተዋቸው ከአምስት አንዱን ያህል ነው።

ሕፃኒቱ ሰባት ዓመት ሞላትና ትምህርት ቤት ገባች። እናት በቤቷ የምትጠብቀው ሕግ ከግቢው በር ሲወጣ ጠባቂው ማን ነው? የክፍሉ ልጆች ከሃምሳ በላይ ናቸው፤ መምህርቷ አንዲት ናት። በዕረፍት ጊዜ ምሳ ዕቃዎች ይከፈታሉ፤ እጆች ይተላለፋሉ። የኢትዮጵያ ልጅ ከፊደል በፊት የሚማረው ለብቻ መብላት ነውር መሆኑን ነው። ብቻውን የሚበላ ስሙ ስስታም ነው፤ የተጎረሰለትን የሚመልስ ደግሞ ኩሩ ነው። ጉርሻ እምቢ የተባለ ሰው የተገፋው እጁ ብቻ አይመስለውም። ሕፃኒቱም በመጀመሪያዎቹ ሳምንቶች ሁለቱንም ስም አገኘች። ይህን ለእናቷ አልነገረቻትም። የነገረቻት ሆዷን እንደሚያማትና ምሳ ዕቃ ይዛ መሄድ እንደማትፈልግ ነበር።

እናቲቱ ለመምህርቷ አስቀድማ ነግራት ነበር፤ «መምህርት፣ ኦቾሎኒ አይስማማትም» ብላ። መምህርቷም «እሺ፣ እጠነቀቃለሁ» ብላ ነበር። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ያ ደካማው ቃል ግን በመካከላቸው ነበረ።

ሰኔ ላይ የወላጆች ቀን ሆነ። ድፎ ዳቦ መጣ፤ ቆሎ በሰፌድ ቀረበ። ሕፃኒቱ ቆሎውን እንደማትነካ ታውቃለችና አልነካችም። የበላችው ዳቦ ነው። ዳቦውን የቆረሱት እናት ግን በዚያው እጃቸው፣ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ለቆሎው ኦቾሎኒ ሲፈለፍሉና በዚያው ቢላዋ አንዱን ከረጢት ሲቀድዱ ነበር። ማንም አላጠፋም። ማንም አልዋሸም። ቢላዋው ብቻ ከአንዱ ወደ ሌላው ተሻገረ።

በአሥር ደቂቃ ውስጥ ሕፃኒቱ ከመዝሙሩ መሐል ወጥታ ግድግዳ ተደግፋ ተገኘች። ድምፅዋ ሻክሯል። እናቲቱ ከወላጆቹ መካከል ባትሆን ኖሮ ነገሩ «ፀሐይ መትቷት ነው» ተብሎ ውሃ እየተረጨባት ይቆይ ነበር። ባጃጅ ተጠራ። በጤና ተቋሙ ነርሷ ጊዜ አላጠፋችም፤ በጭኗ የውጭ ጎን፣ በጡንቻዋ ውስጥ፣ አድሬናሊን ወጋቻት።

ይህ መድኃኒት ውድ ምሥጢር አይደለም። ጃፓናዊው ጆኪቺ ታካሚኔ እ.ኤ.አ. በ1901 ለይቶ ያወጣው፣ በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ያለ፣ በአንዲት ትንሽ ብልቃጥ የሚሸጥ ፈሳሽ ነው። መጠኑ በክብደት ይለካል፤ ለአንድ ኪሎ ግራም 0.01 ሚሊ ግራም ነው። ሃያ ኪሎ ለምትመዝን ልጅ በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ አንድ ሚሊ ግራም ከያዘው ብልቃጥ 0.2 ሚሊ ሊትር ይበቃታል ማለት ነው። በሀብታም አገሮች እ.ኤ.አ. ከ1987 ወዲህ በእስክሪብቶ መልክ ተሠርቶ ልጆች በቦርሳቸው ይዘውት ይሄዳሉ። ለማሳከክ የሚሰጠው ኪኒን ግን አይተካውም፤ ሽፍታውን ያስታግሣል እንጂ የተዘጋ ትንፋሽ አይከፍትም። ሕመምተኛዋም ተጋድማ እግሯ ከፍ ይላል እንጂ ተነሥታ እንድትራመድ አይደረግም። ከተሻላትም በኋላ ቁጣው ተመልሶ ሊነሣ ስለሚችል ለተወሰኑ ሰዓቶች ከሐኪም ፊት አትርቅም። ሕፃኒቱ በዚያ ሌሊት እዚያው አደረች።

መስከረም ላይ ክፍሉ እንደገና ሲከፈት ሁለት ሐሳብ ቀረበ። አንዳንድ ወላጆች ሕፃኒቱ በመጨረሻው ወንበር ለብቻዋ እንድትቀመጥ፣ በዕረፍትም ክፍል ውስጥ እንድትቆይ ፈለጉ። በክፋት አልነበረም። መምህርቷ ግን አልተቀበለችውም፤ ምክንያቷም በሕክምና ረገድ ትክክል ነበር። ብርቱው አደጋ ያለው በመብላት ነው፤ የኦቾሎኒ ሽታ ወይም ጎን ለጎን መቀመጥ እንዲህ ያለ ነገር አያስነሣም ማለት ይቻላል። ልጅን ለብቻ ማስቀመጥ ሌላ በሽታ መፍጠር ነው።

መምህርቷ የተናገረችው ወላጆቹ በደንብ የሚያውቁትን ነው። «እናንተ ቤት ሠርግ ሲኖር፣» አለች፣ «የሙስሊሞቹን ቢላዋ ከክርስቲያኖቹ ጋር ትቀላቅላላችሁ?» ዝምታ ሆነ። ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት፣ እኒያው በሰኔ ዳቦውን የቆረሱት፣ «ይቺማ ቀላል ናት» አሉ። ቀላልም ሆነች። ማንም አዲስ ትምህርት አላስፈለገውም። የምግብን ድንበር ያለ ጠብና ያለ ንቀት መጠበቅ ኩየራ ለትውልዶች ስትለማመደው የኖረችው ጥበብ ነው፤ የቀረው ነገር ቢኖር አንዲት የሰባት ዓመት ልጅም በዚያ ሥርዓት እንደ እንግዳ የምትከበርበት ሕግ እንዳላት ማወቅ ብቻ ነበር። «ጾም ነኝ» የሚልን ሰው ማንም አያስገድደውም። ልጆቹም ይህችን ቃል ወሰዷት፤ «እሷ ለኦቾሎኒ ጾም ናት» ተባለ፤ ስስታምነቱም ኩራቱም በዚያው ቀረ። ከሐኪሞቹ ቃል ይልቅ ይህ የልጆች ቃል ሥራውን ሠርቷል።

መምህርቷ ከዚያ ያደረገችው ለዚህ መጽሔት አንባቢ፣ በተለይም ለመድረክ ለሚጽፍ፣ የሚያስቀና ነው። በየትምህርት ቤቱ የሚታየው የጤና ድራማ ልማዱ የታወቀ ነው፤ ሁለት ትዕይንት ሙሉ ሰዎች ሲሳሳቱ ይቆዩና በሦስተኛው ነጭ ጋውን የለበሰ ልጅ ገብቶ ንግግር ያደርጋል፤ መጋረጃው ይወርዳል፤ የሚታወስ ነገር የለም። መምህርቷ ንግግር አልጻፈችም። ጠመኔ ፈጭታ የአንዱን ልጅ መዳፍ ቀባችውና «እንደ ወትሮህ ተጫወት» አለችው። ከዕረፍት በኋላ ክፍሉ በሙሉ ወጥቶ ነጩን ዱካ ፈለገ። በኳሱ ላይ ነበር። በበሩ እጀታ ላይ፣ በሁለት ልጆች ጉንጭ ላይ፣ በአንዱ ምሳ ዕቃ ክዳን ላይ ነበር። ከሁሉ ይልቅ ልጆቹን ያስደነገጣቸው በራሱ በልጁ ከንፈር ላይ መገኘቱ ነው። ከዚህ የተሻለ መጨረሻ ያለው ተውኔት ብዙ አይገኝም።

ከዚያ ወዲህ ከምሳ በኋላ በሳሙና ይታጠባሉ። የሳሙናው ነገር የተለየ ማስታወሻ ይፈልጋል። ከ2020ው የኮሮና ወረርሽኝ ጀምሮ ብዙ ሰው እጅን በአልኮል ማሸት ማጠብ ይመስለዋል፤ አልኮል ተሐዋስያንን ይገድላል፤ የኦቾሎኒን ቅሪት ግን ከእጅ አያነሣም። ውሃ ብቻውንም አይበቃም። ሳሙናና ውሃ ያነሡታል።

ምሳ ከየቤቱ መምጣቱ ቀርቶ በአንድ ድስት ሲበስል ሁኔታው ይለወጣል፤ ይህም ወደፊት በብዙ ቦታ የሚሆን ነው። የዓለም የምግብ ፕሮግራም ከ1990ዎቹ ጀምሮ በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ሲመግብ ቆይቷል፤ አዲስ አበባም እ.ኤ.አ. ከ2019 አንሥቶ የራሷን የተማሪዎች ምገባ ጀምራለች። ለተራበ ልጅ ከዚህ የሚበልጥ ነገር የለም። ይሁንና የአንድ ድስት ሥርዓት ዝርዝር ይፈልጋል፤ በእንዲህ ያለ ምገባ የሚቀርበው ገንፎ ብዙ ጊዜ በቆሎና አኩሪ አተር ነው፤ አኩሪ አተር፣ ስንዴ፣ ወተት፣ እንቁላልና ሰሊጥ ደግሞ ቁጣ ከሚያስነሡት ዋና ዋናዎቹ መካከል ናቸው። ምዝገባ ሲደረግ ስምና ዕድሜ በሚጻፍበት ወረቀት ላይ «ልጁ የማይበላው ምግብ አለ ወይ? ቢበላስ ምን ይሆናል?» የሚሉ ሁለት ጥያቄዎች ቢጨመሩ ወረቀቱ አይጠብም። ሁለተኛው ጥያቄ ከመጀመሪያው ይበልጣል።

በኩየራው ክፍል ግድግዳ ላይ አሁን በመምህርቷ እጅ የተጻፈ አንድ ወረቀት አለ። የእናቲቱና የሁለት ባጃጅ ነጂዎች ስልክ ቁጥር ተጽፎበታል፤ ሁለት የሆነውም አንደኛው ሻሸመኔ ቢወርድ ሁለተኛው እንዲኖር ነው። ከሥሩ፣ ፀሐይ በማያገኘው መሳቢያ ውስጥ፣ ሐኪም ያዘዘው ብልቃጥና ነርሷ 0.2 ላይ በቀይ ቀለም ያሰመረችበት መርፌ በአንድ ቆርቆሮ ተቀምጠዋል። መምህርቷና አንድ ሌላ መምህር አወጋጉን በብርቱካን ላይ ተለማምደዋል።

ባለፈው ዓመት መምህርቷ ወደ አርሲ ነገሌ ተዛወረች። በሄደችበት ዕለት ልጆቹ አለቀሱ፤ እናቲቱ አላለቀሰችም፤ ወረቀቱን ስታነብ ነበር። አዲሱ መምህር በመስከረም ሁለተኛ ሳምንት መጣ፤ ወጣት ነው፤ ከኮሌጅ ገና መውጣቱ ነው። እናቲቱ ልትነግረው ጠዋት ቀድማ ደረሰች። ክፍሉ በር ላይ ስትደርስ ሕፃኒቱ ቀድማት ገብታ መሳቢያውን ከፍታለች፤ ብልቃጡን በሁለት ጣቷ ይዛ ለመምህሩ በብርሃን ታሳየዋለች።

«ቲቸር፣ ቀኑ እዚህ ላይ ነው የተጻፈው» ትለዋለች። «ጥር ላይ ያልፍበታል። ከዚያ በፊት ይቀየራል።»